ያልተጻፈውን ታምን የነበረችው እትዬ ለተ

እትዬ ለተብርሃን መሞቷን የሰማነው ከተቀበረች ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ከአብነት በታች ባለው የሚሲዮን ግቢ አብራት ልብስ ታጥብ የነበረች ሴት ቅዳሜ ጠዋት በራችንን አንኳኳች። ግቢ ብላት አልገባችም።

«የወይዘሮ ዘነበች ቤት ይኸ ነው?»

«አዎ፣ ልጃቸው ነኝ።»

«ለተብርሃን ዐረፈች በያቸው። ታማ ሳለች ለማንም አትናገሩ ብላን ነበር። ከሞትኩ በኋላ ግን ዘነቡ ትስማ አለች።»

እናቴ ከውስጥ ምስር ትለቅም ነበር። ሰምታለች። ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ተነሣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ተመልሳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። በቤታችን ስሟ ጮክ ተብሎ ከተጠራ አሥራ ስምንት ዓመት ላለፋት ሴት ነበር ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው።

ስለ እትዬ ለተ መናገር አልችልም፤ በሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። መጻፍ ግን እችል ይሆናል። ስሞቹን ለውጫለሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ቢያውቃት እንኳ እንዳያነብላት እለምናለሁ።

ቤታችን ከልደታ ማርያም ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ከጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ነበረች፤ እትዬ ለተ እዚያ ትኖር ነበር። ከአጋሜ ከባሏ ጋር የመጣችው እኔ ሳልወለድ ነው። ባሏ አናጢ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ዘመተ፤ ማይጨው ቀረ። ልጅ አልነበራቸውም። እሷ ግን የሰፈሩን ልጆች ሁሉ የምትቀበል አዋላጅ ነበረች። እኔንም የተቀበለችኝ እሷ ናት። እጇ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለነበር ምጥ የያዛትን ሴት ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን በብብቶቿ ውስጥ ከትታ ታሞቃለች። ሴትየዋ የፈለገችውን ያህል ብትጮህ፣ እጇ ሳይሞቅ አትነካትም። «ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ብርድ መሆን የለበትም» ትል ነበር።

ካቶሊክ ነበረች። ካቶሊክ የሆኑት ከአያቷ ጀምሮ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኦርቶዶክስ ስለነበር «ካቶሊኳ» ነበር የሚሏት። ለእኔ ለሕፃኗ ልዩነቱ አይገባኝም ነበር። ረቡዕና ዓርብ እንደኛ ትጾማለች። ቅዳሴዋም በግዕዝ ነው። የማይገባኝ፣ ማታ ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ የምትጸልይላቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ነበር። ዘመዶቿ መስለውኝ አንድ ቀን ስማቸውን ጠየቅኋት።

«ስማቸውንማ ባውቅ ምን ቸገረኝ» አለችኝ። «ማንም የማያስታውሳቸው ናቸው። ከኃጢአታቸው እየነጹ ወደ እግዚአብሔር የሚሄዱ፣ ግን ገና መንገድ ላይ ያሉ። ሙታን እንደ ጎረቤት ናቸው፣ ዝምተኛዬ። ካልጠየቅሻቸው ይከፋቸዋል።»

ይህን የሚሰሙት አባቴ ዝም አይሉም። አባቴ አቶ ተክሌ ጸሐፊ ነበሩ፤ የቢሮ ሳይሆን የብራና። ዳዊት፣ ድርሳን፣ ተአምረ ማርያም ይገለብጣሉ። ሲሳሳቱ በትንሽ ስለታም ቢላዋ ፊደሉን ፍቀው ያጠፉና እንደገና ይጽፉበታል። እንዲህ ላለ ሰው ያልተጻፈ ነገር ነፋስ ነው።

«ለተብርሃን፣ ጥቅስ አምጪ!» ይሏታል ከመደባቸው ላይ ሆነው።

«የምን ጥቅስ?»

«ሲኦል ተጽፏል፤ ገነት ተጽፏል። ይኸ መካከል ላይ ያለው ያንቺ ቤት የት ተጽፏል?»

«እናቴ ነገረችኝ።»

«እናትሽ ወንጌላዊ ነበሩ?»

«እናቴ እናቴ መሆኗስ የት ተጽፏል፣ አቶ ተክሌ? ነገሩኝ፤ አመንኩ።»

አባቴ ራሳቸውን ይነቀንቁና ብዕራቸውን ይነክራሉ። አንድ ነሐሴ፣ ሁላችንም ፍልሰታን በምንጾምበት ሰሞን፣ እሷ በተራዋ ያዘቻቸው።

«እመቤታችን በሥጋዋ ማረጓ በየትኛው ወንጌል ነው?»

አባቴ ብዕራቸውን ከብራናው አነሡ። «እሱ በሌላ መጽሐፍ ነው ያለው።»

«እንግዲያው የእኔም በሌላ መጽሐፍ ይኖራል። ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ እንጂ መጽሐፉ ምን አጠፋ?»

አባቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ረታሽኝ» አሉ። እናቴ ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ታወራ ነበር። ሁለቱ ሴቶች እንደ እኅት ነበሩ፤ ጨው እንኳ ሲያልቅ አንዷ የሌላዋን ሳታስፈቅድ ታነሣለች።

ከምታምናቸው ነገሮች ሁሉ እኔን ያስፈራኝ አንድ ነበር። ጌጃ ሰፈር አንዲት ሴት የሞተ ልጅ ወልዳ፣ ከእትዬ ለተ ጋር ስንመለስ ልጁ የት እንደሚሄድ ጠየቅኋት። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው የመለሰችልኝ።

«ሳይጠመቁ የሚሞቱ ሕፃናት የሚሄዱበት ቦታ አለ። አይርባቸውም፤ አይበርዳቸውም፤ አያለቅሱም። የእግዚአብሔርን ፊት ግን አያዩም።»

«እናታቸውንስ ያያሉ?»

«እሱን አልነገሩኝም» አለች። እጄን ጠበቅ አድርጋ እንደያዘች ትዝ ይለኛል።

ለዚህ ነበር በእነሱ ዘንድ ሕፃን ሊሞት ሲል ቄስ ባይኖር ማንም ሰው፣ ሴትም ብትሆን፣ ውሃ አፍስሳ ታጠምቀው ዘንድ የሚፈቀደው። በእኛ ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። ሞት ካሰጋ ቀኑ ሳይደርስም ይጠመቃሉ፤ ግን የሚያጠምቀው ቄስ ነው።

ጣልያን ከተማውን በያዘ ሰሞን የአጥር ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰለፈች በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጮኸች። «ለተብርሃን! ጌቶችሽ መጡልሽ፤ እልል በይ እንጂ!»

እትዬ ለተ ልብስ እያሰጣች ነበር። ዞር አላለችም። «ጌቶቼ ቢሆኑ ባሌን ይዘውልኝ ይመጡ ነበር» አለች።

ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗ በጣልያን ወታደር ይሞላ ነበር። ሁለት ሳምንት ቀረች፤ በሦስተኛው ሄደች። እናቴ «እንዴት አስቻለሽ?» ስትላት «ከባሌ ገዳዮች ጋር አንድ ጸሎት እንዴት ልበል ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው ጸሎቱ የእነሱ አይደለም፤ የእናቴ ነው» አለቻት። በሩ አጠገብ ቆማ አስቀድሳ፣ ሳይጨርሱ ትወጣ ነበር።

ሰፈሩ ግን ይህን አያውቅም። አሰለፈች በየቤቱ «ሕፃን ስትቀበል በስውር ውሃ እያፈሰሰች የጣልያን ታደርገዋለች» እያለች ታወራለች። እናቴ በዚያ ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ይህን ልጅ በፍርሃት ነው የተሸከመችው፤ ሴት ናት ትል ነበር። ወሬው እሷም ጆሮ ደረሰ። አንድ ቀን እትዬ ለተ ሆዷን እየዳሰሰችላት ሳለ እጇን ያዘቻት።

«ለተ፣ ማይልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ልጄን በውሃሽ እንዳትነኪያት።»

«ብትሞትስ?» አለች እትዬ ለተ።

«ብትሞትም። አንቺን ጠልቼ አይደለም። እኔም ስሞት ልጄን የት ብዬ ነው የምፈልጋት? ከእናቴ ከአያቶቼ ጋር ትሁንልኝ።»

«ዘነቡ፣ ሌላ ነገር አስምይኝ።»

«ይህንኑ ነው።»

«እመቤቴን፣ አልነካትም» አለች እትዬ ለተ። ስትምል ፊቷ እንደ አመድ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበርና አይቻታለሁ።

ልጅቷ ሁለት ወር ቀድማ መጣች። የመጣችውም በዚያ የካቲት፣ በጣልያኑ ገዢ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሰው በየመንገዱ በሚገደልበት፣ ቤት በሚቃጠልበት በሁለተኛው ቀን ነው። ከጌጃ ሰፈር በኩል ጭሱ በጓሯችን ላይ ያልፍ ነበር። እትዬ ለተ መዳፎቿን አሙቃ ልጅቷን ተቀበለቻት። ሕፃኗ አታለቅስም። አንድ ትንፋሽ ታወጣና ሌላው እስኪመጣ ሰው ልቡ ይቆማል። እናቴ ደም ፈሷት፣ ትኩሳት ይዟት፣ የምትለውን አታውቅም።

አባቴ ጋቢያቸውን አነሡ። «መምሬ ቤት ደርሼ ይዣቸው እመጣለሁ» አሉ።

«አይውጡ አቶ ተክሌ፣ ይገድሉዎታል» አለች እትዬ ለተ።

«ልጄ ያለ ክርስትና ትሙት? ልደታ እዚህ ነው። ለቁርስ ሳትደርሱ እመለሳለሁ።»

ቁርስ አለፈ። ቀትር አለፈ። እትዬ ለተ ልጅቷን ጡቶቿ መካከል አድርጋ በነጠላዋ ሸፍናት ነበር። ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ ይብስ ራቀ። ያን ጊዜ እትዬ ለተ ተነሥታ ከእንስራው በጣሳ ውሃ ቀዳች። ጣሳውን በአንድ እጇ፣ ልጅቷን በሌላው ይዛ መካከል ቤት ቆመች። «አሁን ይመጣሉ» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው። «አሁን ይመጣሉ።» ከዚያ አየችኝና፣ «ዝምተኛዬ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ» አለችኝ።

አዞርኩ። ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። ረጅም ጊዜ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ ሰማሁ። ዞር ስል ጣሳው ባዶ ነበር። ልጅቷ ፊቷ ተሸፍኖ ነበር። እትዬ ለተ ድምፅ ሳታወጣ ታለቅስ ነበር።

አባቴ የተመለሱት በማግስቱ ጠዋት ነው። መንገድ ላይ ይዘው ከብዙ ሰው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ አጉረዋቸው ነበር። ጋቢያቸው የለም፤ ግንባራቸው ተፈንክቷል። መምሬ ቤት ሲደርሱም በሩ ተሰብሮ ማንም አልነበረም። ልጅቷን አይተው የሚገንዙበት ጨርቅ ፈለጉ። አሰለፈች ልትረዳ መጥታ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ ነቃች።

«ያለ ክርስትና!» ብላ ጮኸች። «ያለ ፍትሐት ከቅጽር ውጪ ልትጥሏት! ልጄን!» ፀጉሯን ትነጭ ጀመር። ሁለት ሆነው ሊይዟት አልቻሉም። የምትሞት መሰለኝ።

እኔ በሰው ፊት የማልናገር ልጅ ነበርኩ። ያን ጠዋት ግን ተናገርኩ።

«እትዬ ለተ አጥምቃታለች። ውሃው ሲፈስ ሰምቻለሁ።»

እናቴ ፀጉሯን ለቀቀች። እትዬ ለተን አየቻት። ቁጣ አልነበረም። ውሃ ውስጥ የሰጠመ ሰው እጁ ገመድ ሲነካ የሚኖረው ፊት ነበር።

«እውነት ነው?» አለቻት።

እትዬ ለተ መጀመሪያ እኔን አየች። ቀጥላ እናቴን አየች።

«እውነት ነው፣ ዘነቡ። ማሪኝ።»

አባቴ ጨርቁን አስቀመጡ። «ምለሽ ነበር» አሉ።

«ምዬ ነበር።»

«በእመቤታችን!»

«በእመቤታችን።»

«ጥቅስ አምጪ ብዬሽ አላመጣሽም፤ ተቀይሜሽ አላውቅም» አሉ። «ቃልሽን ግን ሰጥተሽን ነበር።»

«እኔ አላልኩም?» አለች አሰለፈች። «ሰው በየሜዳው እያረዱ፣ እሷ ቤት ለቤት የእነሱን ውሃ ታፈስላቸዋለች! ለምትሞት ሕፃን እንኳ አይራሩም!» በዚያ ሳምንት ይህን ቃል መቋቋም የሚችል ሰው አልነበረም። አባቴም ያን ቀን ያዩትን አይተው ነው የመጡት።

ልጅቷን ከልደታ ቅጽር ውጪ ቀበሯት። እትዬ ለተ በአራተኛው ቀን ዕቃዋን በአንድ አቁማዳ ይዛ ሄደች። አባቴ ሂጂ አላሏትም፤ ቆዪ የሚላትም አልነበረም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስትወጣ ራሴን ዳሰሰችኝ። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ምጥ ላይ የጠራት ሴት አልነበረም።

አባቴ ስሟን ከቤታችን አወጡት። እናቴ አልተቃወመችም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ከልደታ ስንመለስ፣ ያን ከቅጽር ውጪ ያለውን ቦታ ተሳልማ እንዲህ አለችኝ፦ «አባትሽ እንዳይሰማ። ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን ለተ ያቺን ውሃ ባታፈስላት ኖሮ አብጄ ነበር።»

ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት እትዬ ለተን ፈልጌ አገኘኋት። የመሠዊያ ጨርቅ እያጠበች ነበር። አርጅታለች፤ እጇ ከውሃው የተነሣ ነጭ ሆኗል። ወዲያው አወቀችኝ። መንገዱን ሁሉ ያጠናሁትን ተናገርኩ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ምስጢርሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ምስጢር?»

«ልጅቷን ማጥመቅሽን።»

ጨርቁን ጠመዘዘችው፤ ውሃው መንጠባጠብ ካቆመ በኋላም ትጠመዝዘው ነበር።

«አላጠመቅኋትም» አለች።

አልገባኝም። ጨርቁን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«ጣሳውን ይዤ ቆሜ ነበር። ለእናትሽ ምያለሁ። አባትሽ አሁን በሩን ከፍተው ከመምሬ ጋር ይገባሉ እል ነበር። ኮቴ አዳምጣለሁ። ትንሽ ልቆይ፣ ትንሽ ልቆይ ስል፣ ዝቅ ብዬ ሳያት ልጅቷ የለችም። የሞተ አይጠመቅም። ውሃውን ደፋሁት። አንቺ የሰማሽው እሱን ነው።»

«ታዲያ ለምን እውነት ነው አልሽ?»

«የእናትሽን ፊት አላየሽም?»

ተቀመጥኩ። ኮሌጅ ሳለሁ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነበርና፣ ያገኘሁትን ልሰጣት ፈለግሁ። «እትዬ ለተ፣ ያ የሕፃናቱ ቦታ በመጽሐፍ ቅዱስ የትም አልተጻፈም። የእናንተው መምህራን ራሳቸው ተከራክረውበታል። ላይኖር ይችላል» አልኳት።

ፈገግ አለች። «የአባትሽ ልጅ!» አለች። ፈገግታዋ ግን አልቆየም። «የተጻፈ ቢሆን አባትሽን በቢላዋቸው ፋቁልኝ እላቸው ነበር። ያልተጻፈውን በምን ልፋቀው? እናቴ ነግራኛለች። እኔም ሰምቻለሁ። ጣሳው እጄ ላይ ነበር።»

የጠመዘዘችውን ጨርቅ አንሥቼ አሰጣሁላት።

«እዚያ ላለች ጸሎት አይደርሳትም ይላሉ» አለች። «እኔ ግን ትቼያት አላውቅም።» ከዚያ በሳሙና የተላጠ እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ፣ ለእናቴ እንዳልናገር አስማለችኝ። በማን ልማል ብላት «በራስሽ፤ ይበቃል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። መሄድ ያለብኝ ከዚያ በላይ ነበር። በሄድኩ ቁጥር የምለው እየጠፋኝ ቀረሁ።

አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ቅዳሜ መልእክተኛዋ ከሄደች በኋላ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ልደታ እሄዳለሁ። ስሟን ለቄሱ እሰጣለሁ፤ ይጸልዩላት።»

«ካቶሊክ ናት ብለው እምቢ ቢሉስ፣ እማዬ?»

«ስም ነው የምሰጣቸው። ማን አጠመቃት ብለው አይጠይቁኝም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «የልጄንም አብሬ እሰጣለሁ።»

ሰፌዱን ከመሬት አነሣሁ።

«አባትሽ እያለ መጠየቅ ፈራሁ። እሷ ዘንድ ሄጄ እንዳልጠይቅ፣ ስትወጣ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ አፈርኩ። ነገ እሄዳለሁ ስል ሞተች። እንግዲህ የቀረሽው አንቺ ነሽ። እዚያው ነበርሽ። ውሃውን ስታፈስባት ማን ብላ ጠራቻት? የክርስትና ስሟ ማነው?»

በሥራ ቦታዬ «ያላረጋገጠችውን አትናገርም» እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነት ነው፤ አልናገርም። እናቴ ግን ታየኝ ነበር፤ ያን ጠዋት እትዬ ለተን ባየችበት ዓይን።

«ወለተ ማርያም» አልኳት።

«ወለተ ማርያም» አለች በቀስታ። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደገመችው። ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ደህና አድርገሽ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ» አልኳት። «ሂጂ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ድረሺ።»